ከአንኮበር ኮረብታ እስከ ኢፋት ፍርስራሽ፦ የሰሜን ሸዋ የጉዞ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰሜን ሸዋ በኩል ወደ ወሎ የሚያልፍ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ ሲወጣ ጆሮው ይደፈናል፤ ትንሽ ቆይቶ ሹራቡን ያወልቃል፤ በመስኮት ሲመለከትም የገብሱና የባቄላው ማሳ አልፎ የማሽላው መጀመሩን ያያል። አብዛኛው ሰው ይህን የአየር ለውጥ አድርጎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን የአካባቢው ታሪክ ዋና ቁልፍ ይኸው ቁልቁለት ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፣ ከእነርሱ በፊት የነበሩት የኢፋት ሡልጣኖች ከተሞች፣ የደገኛውና የቆለኛው መገናኛ የሆኑት ገበያዎች ሁሉ የተቀመጡት በዚህ ገደል አፋፍ፣ ወገብ ወይም ግርጌ ላይ ነው። ስለዚህ አንኮበርን ለብቻው፣ ገበያውን ለብቻው፣ ፍርስራሹን ለብቻው ከማየት ይልቅ ከላይ ጀምረን ወደ ታች እየወረድን ለማየት ወሰንን። አብረውኝ የተጓዙት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እያልሁ እጠራቸዋለሁ፤ በዚህ ማስታወሻም እንደዚያው ይጠሩ። ወቅቱ ኅዳር ገና የገባበት፣ የነቢያት ጾም ያልተያዘበት ነበር።

ቅዳሜ፤ ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በኅዳር ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ገበያው ሞቅ የሚለው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነውና መጀመሪያ ወደ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

የከተማይቱ ስም ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት እኚህ ንጉሥ እዚህ ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ እርሳቸውም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ከሰፈር ሰፈር መዘዋወሩን ትተው፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን በአብዛኛው በዚሁ አሳለፉ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያገናኙታል። ከመጽሐፍ ቤት የማይሰማው፣ ጋሼ ግን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ያስታወሱኝ ሌላው ወገን ነው፦ ብርሃኑ የታየው እስጢፋኖሳውያን የተባሉት መነኮሳት በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ከተወገሩ ከ38 ቀናት በኋላ ሲሆን፣ ዜና መዋዕሉም ምልክቱን ለፍርዱ እንደ ተሰጠ ማረጋገጫ አድርጎ ያቀርበዋል። ዛሬ የቆመው ሕንፃ በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። በግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች መካከል ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃኑን ሲመለከቱ የሚያሳየው ይገኝበታል። ከሥዕሉ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆምን፤ ሠዓሊው የንጉሡን ዓይን ከሚገባው በላይ ትልቅ አድርጎታል፤ እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየሁትም።

ከዚያ ገበያ ገባን። የደብረ ብርሃን ቅዳሜ ገበያ ሰፊ ነው፤ እህሉ፣ ከብቱ፣ ማገዶው፣ ሸክላው የየራሱ ተራ አለው። እኛ የፈለግነው ግን የፀጉር ሥራውን ነበር። የመንዝ በግ ጸጉራም ነው፤ ከፀጉሩ የሚሠራው ባናና በርኖስ የዚህ ብርድ አገር ዋና ልብስ ሆኖ ኖሯል። ከተማይቱ ውስጥ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተተከለ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ባናው ከገበያ አልወጣም።

ከአንዲት ሴት ፊት የተዘረጋውን ባና በእጄ አገላበጥሁት። ጠበብ ጠበብ ብሎ ተሸምኖ ጎን ለጎን የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ ወፍራም፣ ክሩ ያልተስተካከለ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ የሣር ስባሪ አብሮ የተፈተለበት ሲሆን፣ ሲያነሡት እንደ እርጥብ ነገር ይከብዳል። ሽታው የበጉ ነው፤ በማጠብ የሚለቅ አይመስልም።

«እትዬ፣ ጥቁሩ ምን ተነክሮ ነው?» አልኋት።

«ምንም አልተነከረ የኔ ልጅ፤ በጉ ራሱ ጥቁር ነው። ቀለም ቢሆንማ በመጀመሪያው ክረምት ይለቅህ ነበር» ብላ ጫፉን በምራቋ አርሳ በነጭ ነጠላዋ ላይ ፈተገችው። ነጠላው አልቆሸሸም።

ፀጉሩ ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ለሸማኔ እስኪደርስ ስንት እጅ እንደሚነካው ስትነግረን በሙዚየም መስታወት ውስጥ ካየኋቸው ባናዎች የማላውቀውን ሁሉ አወቅሁ። በርኖስ የሚሸጥ ግን አላገኘንም፤ የሚሠራው ለሚያዝ ሰው ብቻ እየሆነ መምጣቱን ነገሩን።

እሑድ፤ አንኮበር

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መጨረሻው ላይ ሜዳው በድንገት ያልቅና አገሩ ይከፈታል። ከፊት ለፊት ሸንተረር በሸንተረር ላይ እየተደረበ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል። አንኮበር የተቀመጠው በትክክል በዚህ አፋፍ ላይ ነው። የደረስነው ቅዳሴ ሲያልቅ ስለነበረ ሕዝቡ ከመድኃኔዓለም ሲወጣ ተገናኘን፤ ይህን ደብር ያስተከሉት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው።

የነገሥታቱ ግቢ ወደነበረበት ኮረብታ የሚወጣው የእግር መንገድ በጥድና በወይራ መካከል ያልፋል፤ ዳገቱ ያስተነፍሳል። ከላይ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ ከአሮጌው ቤተ መንግሥት ግን የቀረው ጥቂት የድንጋይ ግንብ ነው። ይህን የሚያክል ታሪክ የተሠራበት ስፍራ ይህን ያህል ብቻ ማስቀረቱ ቅር የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ከግንቡ አጠገብ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ስፍራው ለምን እንደ ተመረጠ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ከባሕር በኩል የሚመጣ ነጋዴ፣ ግመል፣ መልእክተኛ ሁሉ ከዚህ ሳይታይ አይወጣም።

ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን የገዙት ሣህለ ሥላሴ ይህን አቀማመጥ በደንብ ተጠቅመውበታል። በ1839 ሚሲዮናዊው ክራፕፍ መጣ፤ በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ መጥቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም ለአገሩ ውል ይዞ ተመለሰ። ንጉሡ የፈለጉት ጠመንጃና ባለ እጅ ነበር፤ እንግዶቹ የፈለጉት መንገድና ገበያ ነበር፤ መግቢያና መውጫውን የያዙት ግን ንጉሡ ስለነበሩ ድርድሩ በእርሳቸው ፍጥነት ይሄድ ነበር። በኋላም ምኒልክ በ1865 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ሲይዙ አንኮበር ከመናገሻዎቻቸው አንዱ ሆነ። ጣሊያናዊው አሳሽ አንቲኖሪ የአገሩን የጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ ያቋቋመው ከዚህ ብዙም በማይርቀው ልጥ ማረፊያ ሲሆን፣ በ1882 ሞቶ የተቀበረውም በዚያው ነው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወሩ አንኮበር ቀስ በቀስ ተረሳ።

ከሰዓት በኋላ በአካባቢው ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ዕቃ ቤት ገባን። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይያዝም፤ ሁሉም ካልተገኙ በሩ አይከፈትም፤ አንደኛው ባለ ቁልፍ ለቅሶ ሄዶ ስለነበረ እስኪመለስ ጠበቅን። እንደዚህ ያለው ጥበቃ ጎብኚን ቢያጉላላም፣ ቅርሱ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ውስጡ ጠባብ ነው። ጥላ፣ መስቀል፣ ከበሮ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ የትኛውም ጽሑፍ አልተለጠፈበትም፤ መግለጫው ያለው ዕቃ ቤቱን ባሳዩን አባ ቃል ላይ ብቻ ነው።

አባ አንዱን ብራና ከማኅደሩ አውጥተው ገለጡልን። የገጹ ጥግ ለዘመናት በጣት ከመነካቱ የተነሣ ቀንድ መስሎ ያብለጨልጫል። የብራናው ቀዳዳ በጅማት የተሰፋ ሲሆን ጸሐፊው በስፌቱ ዙሪያ ፊደሉን እያዞረ አልፎታል። በኅዳጉ ላይ ከመጽሐፉ ቃል ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የመሬት ስጦታ ውል፣ ከነምስክሮቹ፣ በደቃቅ ጽሕፈት ሰፍሯል።

«አባቴ፣ ይኼ ውል ዛሬም ይነበባል?» አሉ ጋሼ።

«ክርክር ሲነሣ ይነበብ ነበር፤ አሁን የሚከራከርበት መሬት የለም፤ እኛ ግን አልፋቅነውም» አሏቸው።

ሰኞ፤ አልዩ አምባ

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ መውረድ ለጉልበት ከመውጣት የማይሻል ነው። ድንጋዩ ይንሸራተታል፤ አየሩ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ይሞቃል፤ ጥዱ በግራር ይተካል። በእግር የወረድነው መኪና ስላጣን ሳይሆን ጋሼ የሲራራ ነጋዴ በወጣበት እወርዳለሁ በማለታቸው ነው።

አልዩ አምባ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መንግሥት የውጭ ንግድ በር ነበረች። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬው እዚህ ይሰፍራል፤ ከደጋው የሚወርደው ደግሞ እህሉንና ቅቤውን ይዞ ይመጣል። ከአሳል ሐይቅ በግመል የተጫነ ጨው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ እዚህ እጅ ይለዋውጣል። መገበያያው የማሪያ ቴሬዛ ብር ሲሆን ለመልሱ አሞሌ ጨው ያገለግላል። ይህን ሁሉ ስንተርክ ደስ ይለናል፤ በዚያው ሰሞን አጠገቧ በምትገኘው በአብዱል ረሱል ሰው ይሸጥ እንደነበረና ንጉሡም ከዚያ ቀረጥ ይቀበሉ እንደነበረ ግን ብዙ ጊዜ እንዘልለዋለን። ከተማይቱን የሚመለከት ሙዚየም አንድ ቀን ቢቋቋም ይህ ክፍል በመጋዘን መቅረት የለበትም።

ዛሬ ያየነው ገበያ ከድሮው ዝና ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ መንፈሱ ግን አልተለወጠም። ገብስና ባቄላ ከላይ፣ ማሽላና ፍየል ከታች መጥተው መሐል ላይ ይገናኛሉ። አርጎቦች በሽመና የታወቁ ናቸውና ጥጡን በፀጉር ፋንታ አገኘነው፤ ቅዳሜ ከጨበጥሁት ባና በኋላ የዚህ ጋቢ እጅ ላይ የሌለ ያህል ነው። ከአንድ አዛውንት ሸማኔ ደጃፍ ቡና ተጋበዝን። እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ፣ መወርወሪያው ከእጅ እጅ እያለፈ፣ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ያወሩናል። ስለ ድሮው ባላባት ስንጠይቃቸው «ወላስማ» የሚለውን ስም እንደ ቅርብ ዘመድ አነሡት።

ይህ ስም የጉዞው ማሠሪያ ክር ሆነልኝ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህን ቆላና የጎንቾን እስር ቤት፣ ማለትም ለዙፋን የሚያሰጉ መሳፍንት የሚታሰሩበትን አምባ፣ ንጉሡን ወክለው የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ ይባሉ ነበር። ክርስቲያኑ ንጉሥ የመንግሥቱን በር ያስጠበቁት ከጥንቶቹ የኢፋት ሡልጣኖች ዘር እቆጠራለሁ ለሚል ሙስሊም ባላባት ነበር። ጋሼ ይህን የብልጠት ፖለቲካ ነው ይሉታል። እኔ ደግሞ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም ባይ ነኝ፤ ቆላውን የሚያውቀው፣ ግመል ነጂው የሚሰማው፣ ከአፋር ባላባቶች ጋር የሚነጋገረው እርሱ ነበርና።

ማክሰኞ፤ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት

የዚህ ቀን ሥራ መንገድ ነው። በደብረ ብርሃን በኩል ተመልሰን ወደ ሰሜን አቀናን። የምኒልክ መስኮት ከተባለው አፋፍ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ተቀምጠው አየናቸው፤ ጉሙ ግን ገደሉን ዘግቶት ስለነበረ ሌላ የሚታይ አልነበረም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት፣ ከ500 ሜትር የሚበልጠው የጣርማ በር ዋሻ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ደብረ ሲና ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከብባሉ። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ የገነነው በከንቱ አይደለም፤ ገዝተን እየቆረጠምን ወረድን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሽንኩርቱ በማዳበሪያ ጆንያ ከመንገዱ ዳር ተቆልሎ፣ ማሾው በየመጋዘኑ በር እየተበጠረ ነበር። እዚያው አደርን።

ረቡዕ፤ የኢፋት ፍርስራሽ

የኢፋት ሡልጣኖች ሥርወ መንግሥት፣ ወላስማዎቹ፣ በ1285 እ.ኤ.አ. ከእነርሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሡልጣኔት አጥፍተው ቦታውን ያዙ። የዘይላን ወደብ ከደጋው ጋር የሚያገናኘው መንገድ በእጃቸው ስለነበረ በለጸጉ። አፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 በኢፋቱ ሡልጣን በሰብረ ዲን ላይ ዘምተው ካሸነፉ በኋላ ግዛቱ ገባር ሆነ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሡልጣን ሰዓደ ዲን ዘይላ ላይ ከተገደሉ ወዲህ ደግሞ የቤተሰቡ ሥልጣን ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ የአዳልን ሡልጣኔት ወለደ። ከተሞቻቸው ባዶ ቀሩ። ለብዙ ዘመን በአረብኛ ጽሑፍና በአካባቢው ሰው አፍ ላይ ብቻ ሲነገርላቸው ከቆዩ በኋላ፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አስበሪን፣ መሰልንና ኖራን የመሳሰሉትን መዝግበው አጠኗቸው።

እኛ የሄድነው ወደ ኖራ ነው። መኪናው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አዋሽ የሚወርዱትን ወንዞች የሚያዋስን ሸንተረር ተከትሎ በእግር ነው። የአገሩ ልጅ የሆነ ወጣት መራን፤ ያለ እርሱ ግንቡ አጠገብ ደርሰን እንኳ ባላየነው ነበር፤ የኅዳር ሣርና ቁጥቋጦ ሁሉን ሸፍኖታል።

መጀመሪያ የሚታየው የድንጋይ ክምር ነው፤ ቀጥሎ ክምሩ መስመር እንዳለው፣ መስመሩም የቤት ግድግዳና የመተላለፊያ መንገድ እንደሆነ ይገለጣል። መስጊዱ ግን ማንንም አያሳስትም። ከሰው ቁመት በላይ የቆመ ግድግዳ አለው። ጥቁሩ ድንጋይ ፊቱ ተጠርቦ ተስተካክሏል፤ ትልልቁ ለማዕዘኑ፣ ሽራፊው ለመሙያ ተመርጧል፤ ሲሚንቶ ባልታወቀበት ዘመን የተደረደረ ቢሆንም ቢላዋ በስንጥቁ አይገባም የሚባልለት ቦታ አለ። የስግደቱን አቅጣጫ የሚያመለክተው ሚሕራብ በግድግዳው ውስጥ ወደ ውጭ የተጎደጎደ ሲሆን ጣቴን በጠርዙ ላይ ሳሳልፍ ጠራቢው ድንጋዩን እንዴት እንዳጎበጠው ተሰማኝ። ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ከዚህ አገር ሲታይ መካ ከሞላ ጎደል በስተ ሰሜን ትገኛለችና ገንቢዎቹ አቅጣጫውን በደንብ አውቀውታል።

ከግንቡ በታች እረኞች ፍየሎቻቸውን ወንዝ ያጠጣሉ። የአንዱ በረት አጥር በግልጽ ከፍርስራሹ በተነሣ ድንጋይ የተካበ ነው፤ የእርሻው እርከንም እንደዚሁ። ጋሼ ይህን ሲያዩ ተናደው ነበር። እኔ ግን ገበሬው ከአባቱ የወረሰው ማሳ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ምን እንደሆነ ሳይነግሩትና አንድም ጥቅም ሳያሳዩት ለምን ነካህ ማለት አልዋጥልህ አለኝ። የመራን ወጣት ክርክራችንን ሰምቶ ኖሮ «ጋሼ፣ አጥር አጥሩልን ዘበኛም ቅጠሩልን፤ ድንጋይ ሌላም ቦታ አይጠፋም» አላቸው። ከዚህ የተሻለ ዕቅድ ከማንም ሰው አልሰማሁም። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ክፍል ያላት የሙዚየም ቤት ብትከፈት፣ ካርታውና የቁፋሮው ፎቶግራፍ ቢሰቀልባት፣ የአርጎባ ሸማኔው ጋቢና የመንዙ ባና ጎን ለጎን ቢቀመጡባት፣ ከዚያም አስጎብኚ ወጣቶች ወደ ፍርስራሹ ቢመሩ፣ ወጪው ብዙ አይሆንም።

ወደ ኖራ የሚሄድ ሰው ማልዶ ይነሣ፤ ከረፋድ በኋላ ሙቀቱ አያስቆምም። ውሃ ይያዝ፤ ከቀበሌው ፈቃድ ይጠይቅ፤ ከተቻለም ሣሩ ከታጨደ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ይሂድ። እኛ የጎዜን ጥንታዊ መስጊድ ሳናይ ተመልሰናል፤ ጋሼም በመኪናው ውስጥ ገና ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ በየካቲት ለመመለስ ከወጣቱ ጋር ስልክ ተለዋውጠው ጨርሰው ነበር።